ብዙ ነፋስ ደኅንነት አይደለም

ላብራቶሪ ሊሠራ ሲታሰብ ከሁሉ ቀድሞ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ “አየር ማስወጫው ጠንከር ያለ ይሁን።” ኬሚስቱ ይለዋል፣ የጨረታ ኮሚቴው ይደግመዋል፣ አማካሪው መሐንዲስም ነገ እንዳይወቀስ ብሎ ሰነዱ ላይ ያሰፍረዋል። በሰዓት ስድስት ጊዜ ይቀየር የተባለው የክፍሉ አየር አሥር ይሆናል፤ አሥሩ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ደግሞ አሥራ አምስት። ሲጨመር ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ልቀንስ ያለ ግን በሰው ሕይወት ላይ የሚቆጥብ ተደርጎ ይታያል።

ይህ እምነት ስህተት ነው። ስህተትነቱም ገንዘብ በማባከኑ ብቻ አይደለም፤ ሊጠብቀው የተነሣውን ሰው ራሱን ስለሚጎዳ ነው። ደኅንነትና የኃይል ቁጠባ አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚጎድል፣ የማይታረቁ ነገሮች ናቸው የሚለው አስተሳሰብም ከዚሁ እምነት የተወለደ ስለሆነ አብሮት መውደቅ አለበት።

ነገሩን ከሁዱ እንጀምር። ፊውም ሁድ፣ የላብራቶሪ ሰዎች በአጭሩ ሁድ የሚሉት፣ ከፊቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስታወት ያለው የሥራ ሳጥን ነው። አሲድ ሲፈላ፣ ክሎሮፎርም ሲቀዳ፣ ናሙና ሲቃጠል የሚወጣው ትነት ወደ ሠራተኛው እንዳይመጣ ወደ ኋላ ተስቦ፣ በቱቦ ጣሪያ ላይ ወጥቶ እንዲበተን ታስቦ የተሠራ ነው። እንግዲህ ከሁድ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ውስጡ የተለቀቀው ትነት ፊቱ የቆመው ሰው አፍንጫ ጋ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ምን ያህል አየር ይስባል የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እኛ ግን ሁለተኛውን መለካት ስለሚቀለን እሱን ለክተን የመጀመሪያውን የመለስን ይመስለናል።

ሁድ ፊት የቆመ ሰው ዙሪያ ምን እንደሚሆን ላስረዳ፤ ክርክሩ በሙሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነው። ሁዱ አየር የሚስበው ከክፍሉ ነው። አየሩ ከሠራተኛው ጀርባ ይመጣና ገላው ላይ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ያልፋል። ከደረቱ ፊት፣ ማለትም በሰውየውና በሁዱ አፍ መካከል፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ለመሙላት ይሽከረከራል። ይህ ሽክርክሪት የሁዱን አፍ ይነካል፤ ጠርዙ አካባቢ ያገኘውን ትነት ይዞ ወደ አገጭና ወደ አፍንጫ ያወጣል። አሁን ፋኑን አጠንክሩት። ወደ ሁዱ የሚገባው አየር ይፈጥናል፤ ሽክርክሪቱም አብሮ ይበረታል። በመስታወቱ የታችኛ ጠርዝና በሁዱ ወለል ከንፈር ላይ ደግሞ ለስላሳ የነበረው ፍሰት ይታወካል። ጠንካራ ነፋስ ዱቄት ከሚዛን ላይ ያነሣል፣ የቡንሰን ነበልባል ያወዛውዛል። ከፍ ያለ ፍጥነት ጥሩ መከላከያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ይህን ገላ ረስቶታል፤ ባዶ ሳጥን ፊት ማንም እንዳልቆመ አድርጎ ያስባል።

ለዚህም ነው በዓለም ላይ በሥራ የዳበረው ልክ ከፍተኛ ያልሆነው። በአሜሪካ የላብራቶሪ አየር ደረጃ መሠረት ለአብዛኛው ሥራ በሁዱ አፍ የሚገባው አየር በሰከንድ ከ0.4 እስከ 0.6 ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ወደ 0.75 ሲጠጋ መታወኩ ይጀምራል። አውሮፓውያን ደግሞ ከዚህም ርቀው ሄደዋል። የእነሱ ደረጃ ይህን ያህል ፍጥነት ይኑር ብሎ አያዝም፤ ሁዱ ትነቱን ውስጡ ይዞ ማስቀረቱ በፈተና ይረጋገጥ ይላል። በፈተናውም ሰው ሲያልፍ የሚሆነውን ለማስመሰል ከሁዱ ፊት ትልቅ ሰሌዳ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመደበኛ እርምጃ የሚሄድ ሰው በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ይህም ሁዱ ከሚስብበት ፍጥነት እጥፍ በላይ ነው። ሰውየው አልፎ ሲሄድ ከኋላው የሚጎተተው አየር ከሁዱ አፍ ትነት መዝዞ ያወጣል። በር አጠገብ የተተከለ ሁድ፣ መተላለፊያ ላይ የተቀመጠ ሁድ፣ ፊቱ መስኮት የተከፈተበት ሁድ በምንም ዓይነት ፋን አይድንም። የሚድነው ቦታው ሲቀየር ነው። የቦታው ጉዳይ ደግሞ የሚወሰነው አርክቴክቱ ወረቀት ላይ መስመር ሲያሰምር ነው፤ በዚያ ሰዓት የአየር መሐንዲሱ ብዙ ጊዜ ገና ውል አልፈረመም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ፤ ይህ እምነት እዚህ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ቦታ የሌለ መልክ አለው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የአየራችን እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሁድ ሲረጋገጥ በብዛት የሚያዘው መለኪያ ደግሞ በሞቀ ሽቦ የሚሠራው ነው፤ ነፋሱ ሽቦውን ምን ያህል እንዳቀዘቀዘው አይቶ ፍጥነቱን ይናገራል። መሣሪያው የተስተካከለው ለባሕር ጠለል አየር ነው። የቀጠነ አየር ሽቦውን የሚያቀዘቅዘው በጥቂቱ ስለሆነ፣ የቦታው የአየር ግፊት ካልተሞላለት በቀር፣ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያነብባል። ሁዱ በትክክል በሰከንድ 0.5 ሜትር እየሳበ ሳለ መሣሪያው 0.38 ይላል። ቴክኒሻኑ ሰነዱን ያያል፤ ሰነዱ 0.5 ይላል። “ደካማ ነው” ተብሎ የፋኑ ፑሊ ይቀየራል፣ ወይም ፍጥነት መቆጣጠሪያው ከፍ ይደረጋል፤ መሣሪያው 0.5 እስኪያሳይ ድረስ። ያን ጊዜ ትክክለኛው ፍጥነት 0.66 ደርሷል። ከልኩ በላይ ሆኗል ማለት ነው። የፋኑ ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በኩብ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን በሲሶ ገደማ ማሳደግ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ቀድሞ ጥሩ የነበረ ሁድ እንዲህ ተበላሽቶ፣ ፍጆታው ከእጥፍ በላይ አድጎ፣ “አልፏል” የሚል ተለጣፊ ይለጠፍበታል። ብዙ አየር ሁልጊዜ ጥሩ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ስህተት ሊያገኘው አይችልም፤ የሚያየው ቁጥር ከፍ ማለቱን ብቻ ነውና።

ከዚሁ ጋር “ከፍታ ላይ ስለሆንን ፋኑ ይተልቅ” የሚለው ምክር ይመጣል። ይህ ምክር አያስኬድም። አንድ ፋን በአንድ ዓይነት ቱቦ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲዞር፣ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን በይዘት አንድ ነው፤ የፋኑ ግፊት ቢቀንስም የቱቦው ተቃውሞ አብሮ ቀንሷል። ሁድ የሚጠብቀን ደግሞ በአየሩ ክብደት ሳይሆን በፍጥነቱ ነው። በከፍታ ላይ በእውነት የሚያሳስበው ሞተሩ ነው፤ ሞተሮች በመደበኛ ደረጃቸው የሚሰሉት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የቀጠነ አየር በሚገባ አያቀዘቅዛቸውም። ሳያስፈልግ የተጠነከረ ፋን ሞተሩን ወደ መቃጠል ይገፋዋል።

“በሰዓት ይህን ያህል ጊዜ አየር ይቀየር” የሚለው ቁጥርም ታሪኩ ያስተዛዝባል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የላብራቶሪ ደንብ በአባሪው ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ መቀየር በመደበኛ ሁኔታ በቂ እንደሆነ ይገልጽ ነበር። ነገር ግን ይህን የሚለው ሁዶች ዋናው መከላከያ ሆነው ሲሠሩ እንደሆነ ያክልበት ነበር። ከዚያም የክፍሉ አጠቃላይ አየር ከመርዛማ ነገር ይጠብቀናል ተብሎ ሊታመን እንደማይገባ ይናገር ነበር። ዓለም ቁጥሩን ወስዶ ማስጠንቀቂያውን ተወው። ከቁጥሩም ብዙዎች ከፍተኛውን መርጠው፣ ጥቂቶች ደግሞ እሱንም ዘለው ሄዱ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአንድ ጠርሙስ የሚወጣው ትነት መጠኑ ካልተለወጠ፣ የክፍሉን አየር እጥፍ ማድረግ ክምችቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። ያንኑ አየር በዚያው ቱቦ እጥፍ አድርጎ ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ነው። ፈሳሽ ቢደፋስ? በሰዓት ስድስት ጊዜ አየሩ የሚቀየር ክፍል ከትነቱ ዘጠና ዘጠኝ በመቶውን ለማስወጣት 46 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚቀየረው 23 ደቂቃ፤ ያውም አየሩ በደንብ ተደባልቆ ከሆነ። በሁለቱም ክፍል ትክክለኛው እርምጃ አንድ ነው፤ በፍጥነት መውጣትና በሩን መዝጋት። ልዩነቱ የድፋቱን ቦታ ለማጽዳት ስንት ደቂቃ ይጠበቅ በሚለው እንጂ በሠራተኛው ሳንባ ላይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አራተኛው የላብራቶሪ ደኅንነት መመሪያው ሁሉንም በአንድ ልክ ከመቁረጥ ወጥቶ፣ በየሥራው ያለውን አደጋ መዝኖ መወሰንን መሠረት አድርጓል።

ሌላው የተረሳ ነገር፣ የወጣ አየር በሌላ አየር መተካት አለበት። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ሁድ መስታወቱ 45 ሳንቲ ሜትር ሲከፈት፣ በሰከንድ በ0.5 ሜትር በሰዓት 1200 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይስባል። ስድስት በስምንት ሜትር በሆነ፣ ጣሪያው ሦስት ሜትር ከፍታ ባለው ክፍል ውስጥ ይህ ሁድ ብቻውን የክፍሉን አየር በሰዓት ከስምንት ጊዜ በላይ ይቀይራል። ሁለት ሦስት ሁድ ተክለን፣ ፋኖቹን አጠንክረን፣ የሚገባውን አየር ግን ረስተን የሠራናቸው ክፍሎች ስንት ናቸው? በራቸው ለመክፈት የሚያታግል፣ በሩ ሥር ነፋስ የሚያፏጭባቸው። በመጨረሻ ሠራተኛው ሲጨንቀው መስኮቱን ይከፍታል። ከመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ሁዱ ፊት በሰከንድ ከሩብ ሜትር ማለፍ የለበትም ይባላል፤ የግንቦት ከሰዓት ነፋስ ይህን ልክ አያውቅም። ሁዱ ጠንክሮ እየሳበ፣ መስኮቱ እየነፈሰ፣ ትነቱ ክፍሉ ውስጥ ይዞራል። ይህን ሁሉ ያመጣው የሚሳበው አየር ማነስ አይደለም።

ስለ ላብራቶሪ አየር ስናወራ ከሁሉም በላይ ሊታወስ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የሆነው ነው። ጃኔት ፓርከር የሕክምና ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች፤ ክፍሏ ከፈንጣጣ ላብራቶሪው በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። በነሐሴ ታመመች፣ በመስከረም ሞተች። በዓለም ላይ በፈንጣጣ መሞቱ የታወቀ የመጨረሻው ሰው እርሷ ናት። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር፤ በሽታው ከምድረ ገጽ ሊጠፋ በቋፍ ላይ ሳለ ነው ሴትየዋ የሞተችው። የመንግሥት መርማሪዎች ቫይረሱ በሕንፃው የቱቦ ማለፊያ በኩል ወደ ላይኛው ፎቅ ሳይወጣ አልቀረም አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው በተከሰሰበት ፍርድ ቤት ግን ይህ አልተረጋገጠምና ነጻ ወጣ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ትምህርቱ ለእኔ ያለው በጥያቄው ውስጥ ነው። ያኔ የተጠየቀው ስንት አየር ይወጣ ነበር አልነበረም፤ አየሩ በየት አለፈ ነበር። በአገራችን ፋኑ ኮርኒስ ውስጥ የተሰቀለ፣ ከፋኑ በኋላ ያለው ቱቦ በግፊት ተሞልቶ በቢሮዎች ራስ ላይ የሚያልፍ ላብራቶሪ ማግኘት አይከብድም። ከላሜራ የተሠራ ቱቦ በአሲድ ትነት ሲበላ የሚተነፍሰው ወደ ቢሮው ነው። እዚህ ላይ ፋኑን ማጠንከር መርዙን በየስንጥቁ አብዝቶ መግፋት ነው። ፋኑ ጣሪያ ላይ ቢቀመጥ ግን ሕንፃው ውስጥ ያለው ቱቦ ሁሉ ወደ ውስጥ የሚስብ ይሆናል፤ ቢሰነጠቅም የክፍሉን አየር ይወስዳል እንጂ መርዝ አይተፋም። ልዩነቱ የፋኑ ቦታ እንጂ ጉልበቱ አይደለም።

ሁድም ቢሆን ሁሉን አይችልም። የዳርትመዝ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 ዳይሜቲል ሜርኩሪ ስትቀዳ በሁድ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሁዱ ሥራውን አልበደለም። ጠብታ በላቴክስ ጓንቷ ላይ ወደቀች፤ ፈሳሹ ጓንቱን በሰከንዶች ውስጥ አልፎ ገባ። ከአሥር ወር በኋላ ሞተች። በዚያ ቀን የፋኑ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ኖሮ ምንም የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ የሚያድናት ትክክለኛው ጓንት ነበር። የደኅንነት በጀቱን ሁሉ በፋን ላይ የሚጨርስ ተቋም ይህን ሞት ደግሞ ያስብ። ዛሬም ቢሆን በብዙ ቦታ ሁድ የሚለው ስም ለሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ይሰጣል፤ ለኬሚካል ሁዱ፣ ለባዮሴፍቲ ካቢኔቱ፣ ንጹሕ አየር ወደ ሠራተኛው ፊት ለሚነፋው ጠረጴዛም ጭምር። በዚህ በመጨረሻው ላይ መርዝ የከፈተ ሰው መርዙን በራሱ ፊት ላይ እያስነፋ ነው።

ነፋስ በእውነት የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ አለ፤ የጭስ ማውጫው ጫፍ። መርዙ ከሕንፃው ከወጣ በኋላ ተመልሶ በመስኮትና በአየር ማስገቢያ እንዳይገባ ከጣሪያው ቢያንስ ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሰከንድ 15 ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ መተኮስ አለበት። እኛ ግን ዝናብ እንዳይገባ ብለን ከላሜራ የተቆረጠ ቆብ እንደፋበታለን። ቆቡ ወደ ላይ የሚወጣውን አየር መትቶ ወደ ጎንና ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮት፣ አንቴና ለማስተካከል ወደወጣው ሰው። ዝናብን የሚመልሰው አየሩ ራሱ ነው፤ በዚያ ፍጥነት እየወጣ ሳለ የክረምት ጠብታ አይገባም። ፋኑ በቆመ ጊዜ የሚገባውን ደግሞ ከፋኑ ሥር የተበሳ ትንሽ የውኃ መውጫ ያስወግደዋል። እነሆ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለልክ እንዲጨመር የሚጠይቀው ሰው፣ አየሩ በእርግጥ መጠንከር ባለበት ቦታ ላይ በገዛ እጁ ያፍነዋል።

ከኃይል ቁጠባ ጋር የተያያዙትን ተቃውሞዎች ልመልስ።

“ኃይል በአገራችን ርካሽ ነው፤ ከውኃ ነው የሚመነጨው” ይባላል። ታሪፉ ከሌላው ዓለም ዝቅ ማለቱን አልክድም። ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ላይ ለላብራቶሪ የቀዘቀዘውን አየር በሁድ ወደ ውጭ ሲጥሉት ሒሳቡ ሌላ እንደሚሆን እንተወው፤ አዲስ አበባን ብቻ እንይ። መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ የሚሠራው ጀነሬተር ነው፤ ጀነሬተሩ በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ አቅሙም የተወሰነ ነው። ትልቅ ሞተር ሲነሣ በሥራ ላይ ከሚወስደው ስድስት ሰባት እጥፍ የሚደርስ ኤሌክትሪክ በቅጽበት ስለሚጎትት፣ ያለልክ የተለቁት የሁድ ፋኖች ጀነሬተሩን ያጠፉታል። ስለዚህ ምን ይደረጋል? ፋኖቹ ከጀነሬተሩ መስመር ይወጣሉ። ፍሪጁ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ሁዱ ይቆማል። አሲድ እየፈላበት ሳለ። በልኩ የተመረጠ ትንሽ ፋን ግን ጀነሬተሩ ሊሸከመው ይችላል። እዚህ ላይ ቁጠባው ራሱ ነው ደኅንነቱ፤ ኃይል የሚቆጥበው ሁድ መብራት ሲጠፋም የሚጠብቅ ሁድ ነው።

ጩኸቱንም ጨምሩበት። ያለልክ የተጠነከረ ሁድ ያገሳል፤ አጠገቡ ቆሞ ማስተማር አይቻልም፣ ስልክ አይሰማም። መምህሩ ለተማሪዎቹ ሊያስረዳ ሲፈልግ ያጠፋዋል፤ ቴክኒሻኗ ራሷን ሲያማት ታጠፋዋለች። የጠፋ ሁድ ደግሞ በሰነዱ ላይ በሰከንድ 0.66 ሜትር ቢጻፍለትም ምንም አይስብም።

“ሰዎች መስታወቱን ስለማይዘጉ ፋኑ ይካስልን” የሚሉ አሉ። አይክስም። የተዘጋ መስታወት ፍንዳታንና ፍንጣሪን የሚከላከል አካላዊ ጋሻ ነው፤ ይህን የሚተካ ነፋስ የለም። በ70 ሳንቲ ሜትር ፈንታ 45 ላይ የሚያስቆም ማገጃ መስታወቱ ላይ ቢገጠም ፊትን ይሸፍናል፣ የሚሳበውንም አየር ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። የሚጠይቀው አንድ ብሎን ነው። መስታወቱ ሲዘጋ ፋኑን ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ከተጨመረ ደግሞ ሌሊቱንና ቅዳሜ እሑዱን ማንም ያልቆመበት ሁድ የክፍሉን አየር ሲጥል አያድርም። ከሳምንቱ 168 ሰዓት የመደበኛ ሥራው 40 ያህሉ ነው። በአሜሪካ የሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላብራቶሪ ተመራማሪዎች አንድ የተለመደ ሁድ በዓመት የሚፈጀው ኃይል የሦስት ቤት ተኩል ያህል መሆኑን አስልተዋል፤ ያንኑ ጥበቃ በአነስተኛ አየር የሚሰጥ ሁድ ለመንደፍ ደክመው ሠርተዋል። ያነሣሣቸው ወጪው ቢሆንም ያዩት ግን ሌላ ነው፤ የሁዱ ቅርጽና የአየሩ አገባብ ከፋኑ ጉልበት ይበልጥ እንደሚወስን።

የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ “ቁጠባ ከተባለ ሰው ያለፈተና ይቀንሳል፤ አደጋ ይመጣል።” ይህን የሚሉትን አከብራለሁ፤ እውነት አላቸውና። ቱቦ አልባ ሁድ ገዝተው፣ የከሰል ማጣሪያው መቼ እንደሞላ ሳያውቁ፣ ማጣሪያው የማይይዘውንም ትነት እያፈሉበት ቆጠብን የሚሉ አሉ። የፋኑን ፍጥነት ዝቅ አድርገው ማንም ሳይፈትሽ የሚሄዱ አሉ። እነሱንም ከአጠንካሪዎቹ እኩል እቃወማለሁ፤ ሁለቱም ወገን የሚያየው አንድ ቁጥር ነው፤ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያደርገዋል፤ ትነቱ የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም። መልሱ ፈተና ነው። የአሜሪካው የሁድ ፈተና በሁዱ ውስጥ በደቂቃ አራት ሊትር መከታተያ ጋዝ ይለቅቃል፣ ፊቱ ሰው የሚያክል አሻንጉሊት ያቆማል፣ አፍንጫው ጋ የደረሰውን ይለካል። በተተከለበት ቦታ ከአየሩ የአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ከደረሰ ሁዱ ወድቋል። የፍጥነት ልኩን ያለፈ ሁድ በዚህ ፈተና ሲወድቅ ማየት የተለመደ ነው። እኛ አገር ርክክብ የሚደረገው ኮንትራክተሩ ሶፍት ወረቀት ሁዱ አፍ ላይ ይዞ ሲሳብ አሳይቶ ነው። ወረቀቱ ሲወዛወዝ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ይፈረማል።

ቀጣዩን የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ፣ “ጠንካራ” የሚለውን ቃል ሰርዙና በምትኩ ሁዱ በተተከለበት ክፍል፣ በሮቹና መስኮቶቹ በሥራ ሰዓት እንደሚሆኑት ሆነው፣ ፊቱ ሰው እያለፈ፣ በጭስና በመከታተያ ጋዝ እንዲፈተን ጻፉ። መለኪያው ለከተማው የአየር ግፊት የተስተካከለ ይሁን በሉ። ፋኑ ጀነሬተር ላይ ይግባ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ጫፍ ቆብ አይደፋበት በሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የአየሩ መጠን ከተለመደው ሲያንስ ብታዩ አትደንግጡ።

ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ፈቃድና ጨረታ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ሁዱን ባዶ አድርጉት፤ ውስጡም አካባቢውም የሚነድ ፈሳሽ አለመኖሩን አረጋግጡ። አንድ ሰንደል ዕጣን ለኩሱና ከመስታወቱ ወደ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ያዙት፤ ሌላ ሰው ከኋላችሁ ይለፍ። ጭሱ ወደ ፊታችሁ ከመጣ ፋኑን አጠንክሩልኝ አትበሉ። መስኮቱን ዝጉ፣ በሁዱ ወለል ላይ የተከማቸውን ጠርሙስ አንሡ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጉና ደግማችሁ ሞክሩ። አሁንም ከመጣ “አይሠራም” ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ ተጠግኖ እንደገና እስኪፈተን ድረስም በዚያ ሁድ አትሥሩ።